መልስ፦ ያለ ፈቃድ በዎኪቶኪ መነጋገር ምን ያስቀጣል?

ወንድሜ፣ «ዎኪቶኪዋ (በእጅ የምትያዘው የመነጋገሪያ ሬዲዮ) ብዙ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም የሞገድ መስመር፣ ትይዛለች፣ ባዶ ያገኘነውን ብንጠቀም ማን ያውቅብናል?» ላልከው፣ እባክህ አታድርገው። መሣሪያው ስለያዘልህ ተፈቀደልህ ማለት አይደለም። ዝም ያለ ቻናልም የአምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሊሆን ይችላል፤ ጥሪ እስኪመጣ ነው ጸጥ ያለው።

ቅጣቱ እንደየአገሩ ቢለያይም መሣሪያ መወረስ፣ የገንዘብ መቀጮና እስራት የተለመዱ ናቸው፤ በብሪታንያ እስከ 2 ዓመት ያሳስራል። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ አንድ ሰው የደን እሳት የሚያጠፉ ሠራተኞች መስመር ውስጥ ገብቶ ተናገረ። ለመርዳት ነው ቢልም የ34,000 ዶላር ቅጣት ቀረበበት። ደግሞም የሞገዱን አቅጣጫ በሚለይ አንቴና አንተ ያለህበትን ማግኘት ለተቆጣጣሪዎች ከባድ አይደለም።

ለአጭር ርቀት ከሆነ የምትፈልገው፣ በአገርህ ፈቃድ የማያስፈልገው ሬዲዮ ካለ እሱን ግዛ። አውሮፓ ውስጥ ለምሳሌ 446 ሜጋኸርዝ በሚባለው የሞገድ መስመር ላይ እስከ ግማሽ ዋት ኃይል ያለው ይፈቀዳል።