ከልጆች ጋር ከሆነ ሄች ሄቺን ሞክሪው

ሰላም እህቴ፤ ከኦክላንድ ተነስታችሁ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆችሽ የሚራመዱበት፣ ተራራም ውሃም ያለበት ቦታ ነው የጠየቅሽው። እኔ እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለውን ሄች ሄቺን እመርጥልሻለሁ። የቱዎሉሚ ወንዝ ሸለቆ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1923 የተጠናቀቀው የኦሾኔሲ ግድብ ሐይቅ አደረገው። የሳን ፍራንሲስኮ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ስለሆነ መዋኘት ክልክል ነው። ይህን ለልጆቹ ከቤት ሳትወጪ ንገሪያቸው፤ እዚያ ደርሰው ሲሰሙት ይከፋቸዋል።

ግድቡን በእግር ተሻግራችሁ ዋሻ ታልፋላችሁ። የእኔ ልጆች እስከ ዛሬ የሚያወሩት ስለዚያ ዋሻ ነው! ከዚያ የሐይቁን ዳር ይዞ እስከ ዋፓማ ፏፏቴ ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባድ ዳገት የለውም። ትንሹ ከደከመው ግማሽ መንገድ ላይ መመለስ ይቻላል፣ እይታው እዚያም ያው ነው።

በረዶው በሚቀልጥበት በሚያዝያና በግንቦት ፏፏቴው ልዩ ነው። ግን አደራሽን፣ ውሃው ፏፏቴው ሥር ባሉት የእግር ድልድዮች ላይ የሚፈስ ከሆነ እንዳትሻገሩ፤ ሰው የሞተበት ቦታ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሙቀቱ ይበረታል፣ ጥላውም ጥቂት ነው፤ በጠዋት ጀምሩ፣ ውሃ በብዛት ያዙ። ወደ ሄች ሄቺ የሚያስገባው በር የሚከፈተው በቀን ብርሃን ብቻ ስለሆነ ሳይመሽ ውጡ።