በቴሌቪዥን ድራማው ሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን ነገሥታቱ ምን ፈልገው ይዋጋሉ? (ጥያቄና መልስ)

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ያላያችሁ ከዚህ ተመለሱ፤ የምጽፈው ምንም ሳልደብቅ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ንግሥት አሊሰንት በእንጀራ ልጇ፣ በዙፋኑ ወራሽ በሬኒራ ላይ የተነሣችው በሥልጣን ጥማት ነውን?

መልስ፦ አይደለም፤ የድራማው ትልቁ ጉድለት የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። አባቷ ገና በልጅነቷ ወደ ንጉሡ እልፍኝ እንደ ላካት፣ ሬኒራ ከነገሠች ልጆቿ እንደሚገደሉ ስትፈራ እንደ ኖረች፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ 7ኛ ክፍልም የልጇ ዓይን ጠፍቶ ፍትሕ እንደ ተነፈገች አይተናል። ለጦርነት ከዚህ በላይ ምን ምክንያት ያስፈልጋል? ደራሲዎቹ ግን በ8ኛው ክፍል፣ በሞት አፋፍ ላይ ያለው ባሏ ንጉሥ ቪሰሪስ ስለ ጥንቱ ንጉሥ ኤጎን ትንቢት ሲናገር «ልጃችን ኤጎን ይንገሥ» ያለ እንዲመስላት አደረጉ። በ10ኛው ክፍል ደግሞ ዓይኑ የጠፋው ልጇ ኤመንድ የሬኒራን ልጅ ሉሰሪስን ሊያስፈራራ ብቻ ሲያሳድደው፣ ዘንዶው ቫጋር ትእዛዙን ጥሳ ገደለችው። ጦርነቱ በጆሮ ስሕተትና በእንስሳ እንቢታ ተጀመረ ማለት ነው።

ሌላ አባል፦ ስሕተትም እኮ መንግሥት ይገለብጣል።

መልስ፦ ይገለብጣል። መስማት የፈለገችውን ሰማች ቢሉን ኖሮ እቀበል ነበር፤ ስሕተቱ ግን ጥፋቱን ከእጇ ለማንጻት የገባ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ምዕራፍ ለምን ተንቀራፈፈ?

መልስ፦ 8 ክፍሎች ብቻ ያሉት ምዕራፍ፣ የቪሰሪስን ወንድም ዴመንን ከ3ኛው ክፍል ጀምሮ ሃረንሃል በሚባል ግንብ አስቀምጦ በሕልም ላይ ሕልም ስለሚያሳየን፣ ሕልሞቹም በወንድሙ መቅናቱንና ዘውድ መመኘቱን ደጋግመው ከመንገር ስለማያልፉ ነው። በአንጻሩ የ4ኛውን ክፍል ውጊያ ተመልከቱ፤ የሬኒራ ወገን የሆነችው ሬኒስ በግዴታ፣ ኤጎን «ምንም አታድርግ» ያለችው የእናቱ ንቀት አንገብግቦት በስካር፣ ኤመንድ ዙፋኑን እያሰበ ይገባሉ። ሦስቱም የሚፈልጉትን ስለምናውቅ አንዲት ደቂቃ አትረዝምብንም።

ሌላ አባል፦ የቀደመው ድራማ የጌም ኦፍ ትሮንስ ማብቂያ ምዕራፍ 6 ክፍል ብቻ ስለ ነበረ ነው የተበላሸው። ዝግታ ይሻላል!

ሦስተኛ አባል፦ ዝግታ የወደደ ሁለተኛውን ምዕራፍ ደግሞ ይመልከት።

መልስ፦ ከጉዳያችን አትውጡ። በቁጥር አትጣሉ፤ ሰውዬው ምን እንደሚፈልግ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ማን ያሸንፋል?

መልስ፦ ጠንቋይ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ስለ ዴመን ምን ይላሉ?

መልስ፦ ስለ ምኑ?

ጥያቄ፦ አሊሰንት ግን ሬኒራን ለምን ከዳቻት?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ፤ ሁለቱን ምዕራፎች ካላዩ ግን እርሱንም አያንብቡ።