ብሎክቼይንና የመንግሥት መዝገብ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ብሎክቼይን የመንግሥትን ሥልጣን ይሽራል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እንደ አጠቃቀሙ ነው። ብሎክቼይን ቅጂው በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚቀመጥ፣ አዲሱ ምዝገባ ሁሉ ከቀደመው ጋር እንደ ሰንሰለት የሚያያዝበት ዲጂታል መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነው የቢትኮይን (በብሎክቼይን የሚሠራው ዲጂታል ገንዘብ) ሐሳብ ገንዘብ ያለ ባንክ አማካይነት ከሰው ወደ ሰው እንዲተላለፍ የታለመ ነበርና፣ መዝገቡን በበላይነት የሚይዝ አካል የለውም። መንግሥታት ለአገልግሎት የሚዘረጉት ግን አብዛኛውን ጊዜ የተፈቀደላቸው ተቋማት ብቻ የሚጽፉበት ዝግ መዝገብ ስለሆነ፣ ሥልጣኑ ከነበረበት አይነቃነቅም። በሚገባ ከተሠራ የሚጠበው መዝገቡን ማንም ሳያውቅ የመለወጥ ዕድል ነው።

ጥያቄ፦ በተግባር የተሞከረበት አገር ይኖራል?

መልስ፦ አዎን፤ የካውካሰሷ ጆርጂያ እ.ኤ.አ. በ2016 የመሬት ባለቤትነት ሰነዶችን በዚህ መንገድ ማረጋገጥ ጀምራለች። ሰነዱ ራሱ በመዝገብ መሥሪያ ቤቱ ይቀመጣል፤ ወደ ቢትኮይን ሰንሰለት የሚገባው ከሰነዱ በስሌት የሚወጣው ዲጂታል አሻራ ነው። ከባለቤቱ ስም አንዲት ፊደል ብትቀየር አሻራው ፈጽሞ ሌላ ስለሚሆን፣ ሰነዱ ከተመዘገበ በኋላ መነካቱ ወዲያው ይታወቃል።

ጥያቄ፦ መሬቱ ከመጀመሪያው በሌላ ሰው ስም በሐሰት ከተመዘገበስ?

መልስ፦ ዋናው ነጥብ ይኸው ነው፤ የብሎክቼይን ቴክኖሎጂ ሻጮችም ደጋግመው የሚዘሉት። ሰንሰለቱ የሚመሰክረው የገባው መረጃ አለመነካቱን እንጂ እውነት መሆኑን አይደለም፤ ስለዚህ ሐሰቱም እንደ እውነቱ ሁሉ ተጠብቆ ይኖራል። ፍርድ ቤት ለባለመብቱ ሲወስን የቀድሞው ምዝገባ አይፋቅም፤ ማረሚያው ከበስተኋላው ይጨመራል። ማረሚያውን በማን ትእዛዝ ማን ይጽፋል የሚለውን የሚመልሰው ሕግ እንጂ ሶፍትዌር አይደለም።

ጥያቄ፦ የዜጎች የግል መረጃ በሰንሰለቱ ላይ ቢቀመጥ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አይቀመጥ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ በተወሰኑ ሁኔታዎች መረጃን የማስጠፋት መብት ይሰጣል፤ ከማይፋቅ መዝገብ ጋር መጋጨቱ ግልጽ ነው።

ጥያቄ፦ ለምርጫስ?

መልስ፦ አልመክርም። የመራጩ ስልክ በቫይረስ ከተበከለ ሰንሰለቱ የተጭበረበረውን ድምፅ በጥንቃቄ ይዞ ያስቀምጣል።

ጥያቄ፦ አንድ መሥሪያ ቤት አገልግሎቱን በብሎክቼይን እንደሚሰጥ ሲያስታውቅ በመጀመሪያ ምን እንጠይቅ?

መልስ፦ የመዝገቡ ቅጂዎች በእነማን እጅ እንዳሉ ጠይቁ። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በዚያው መሥሪያ ቤት ሥር ከሆኑና የመዝገቡ ዲጂታል አሻራ እንደ ጆርጂያው ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ካልተቀመጠ፣ መዝገቡን ሙሉ በሙሉ እንደገና መጻፍ ይቻላል፤ ለዚህ ደግሞ ተራ ዳታቤዝ በርካሽ ይበቃ ነበር።