የባሕረኛ ልብስ ለምትወዱ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው ካናቴራ፣ ጥብቅ የዓሣ አጥማጅ ሹራብ፣ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ያለው አጭር የሱፍ ካፖርት፦ ዛሬ ባሕር በሌለበት ከተማ ሁሉ ይለበሳሉ። ሦስቱም መጀመሪያ የተሠሩት ለሥራ ስለሆነ እጅጌው ለምን አጠረ፣ አንገቱ ለምን ሰፋ ብትሉ መልስ አለው። ያንን መልስ ያወቀ ሰው በማርካና በዋጋ አይታለልም። የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

ከካናቴራው ልጀምር። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል የመርከበኞች የደንብ ልብስ ያደረገው በማርች 27 ቀን 1858 እ.ኤ.አ. በወጣ ድንጋጌ ነው። መስመሩ እንኳ ተቆጥሮ ተወስኗል፤ በአካሉ ላይ 21 ነጭ መስመሮች፣ የእያንዳንዱ ስፋት 20 ሚሊ ሜትር፤ ከእነሱ ጋር 20 ወይም 21 ሰማያዊ መስመሮች፣ ስፋታቸው 10 ሚሊ ሜትር። በእጅጌው 15 ነጭና 14 ወይም 15 ሰማያዊ። እጅጌው ያጠረው ከላይ ከሚደረበው ልብስ ሥር ወጥቶ እንዳይታይ ነው። 21 የሆነው የናፖሊዮንን ድሎች ለመቁጠር ነው የሚባለው አፈ ታሪክ ነው፤ እባካችሁ አትድገሙት። ፈረንሳዊቷ የልብስ ንድፍ ባለሙያ ኮኮ ሻኔል በ1913 በፈረንሳይ የባሕር ዳር ከተማ በዶቪል ሱቅ ከፍታ ከባሕረኞች የተወሰደውን ልብስ ለሴቶች ማቅረብ ስትጀምር ልብሱ ከወደብ ወደ ከተማ ወጣ። ሁለት የፈረንሳይ ኩባንያዎች፣ በ1889 የተመሠረተው የኖርማንዲው ሳን ዣምና በ1938 በካምፔር ከተማ የተቋቋመው አርሞር ሉክስ፣ እስከ ዛሬ ይሠሩታል።

ስትገዙ በመጀመሪያ ገልብጣችሁ እዩት። መስመሩ በውስጥም በውጭም እኩል ከደመቀ፣ ክሩ ቀለም ከገባ በኋላ ነው የተሠራው። ውስጡ ከነጣ ግን ቀለሙ ከላይ የታተመ ነው፤ ሲለጠጥ ነጩ ብቅ ይላል፣ በእጥበትም ቶሎ ይደበዝዛል። ቀጥሎ ከብብት በታች ያለውን ስፌት ተመልከቱ፤ የፊቱና የኋላው መስመር መገጣጠም አለበት። ይህን ለማድረግ ጨርቁን መስመር በመስመር አስተካክሎ መቁረጥና ብዙ ቁራጭ መጣል ያስፈልጋል፤ ወጪ የሚቀንስ ሠሪ ቶሎ የሚተወው ይህን ነው። ከዚያ አንገቱ። ከትከሻ እስከ ትከሻ ሰፍቶ ስለተከፈተ ቀድሞ የሚረግበው እሱ ነው፤ በትከሻው ስፌት ውስጥ ስስ የጥጥ ጥብጣብ ከተሰፋበት ቅርጹን ይይዛል።

አንዳንዱ ካናቴራ ሁለት ሦስቴ ሲታጠብ የጎኑ ስፌት ወደ ሆድ ይዞራል። ብዙዎች ልብስ ሰፊውን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ ግን የጨርቁ ነው። ክሩ ሲፈተል የተጠመዘዘበት ኃይል ሳይረጋ ጨርቁ ከተቆረጠ፣ ውኃ ሲነካው ክሩ ሊፈታ ይሞክርና ጨርቁንም ይዞት ይዞራል። በኋላ በካውያ አይስተካከልም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሁለቱን ትከሻ ይዛችሁ አንጠልጥሉት፤ ስፌቱ አሁኑኑ ዘመም ካለ ተዉት። ንጹሕ ጥጥ በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች በርዝመቱ 5 ከመቶ ያህል ሊሰበሰብ እንደሚችልም አስቡ፤ 70 ሴንቲ ሜትር የነበረው ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያጥራል። በልክክ የገዛችሁት እምብርት ላይ ይቀራል።

እጥበቱን ቸል አትበሉ፤ ጥቁር ሰማያዊና ነጭ አንድ ልብስ ላይ ናቸውና። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት ለብቻው፣ ገልብጣችሁ፣ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት። ዘፍዝፋችሁ አታሳድሩት፤ ጨምቃችሁም ተጠቅልሎ አይቆይ፣ የለቀቀው ቀለም ነጩ ላይ የሚያርፈው ያኔ ነው። ኮምጣጤና ጨው ቀለም ያስይዛል የሚባለው ተሠርቶ ላለቀ የጥጥ ልብስ አይሠራም። በረኪና ደግሞ ሰማያዊውን ይበላል፣ ክሩንም ያደክማል። ስታሰጡት በገመድ ላይ በትከሻው አትስቀሉት፤ የውኃው ክብደት ወደ ታች ይጎትተውና መስመሩ ይጎብጣል። ጥላ ላይ አንጥፉት።

ሹራቡን በተመለከተ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለችውን የገርንዚ ደሴት ዓሣ አጥማጆችን ብልሃት አደንቃለሁ። የፊቱና የኋላው ሥራ አንድ ስለሆነ ክርኑ ሲሳሳ አዙረው ይለብሱታል። እጅጌው ከትከሻ ወደ ታች ስለሚሠራ፣ የተበላው ጫፍ ተተርትሮ እንደገና ይሠራል። በብብቱ ያለው ባለአራት ማዕዘን ቁራጭ ደግሞ መረብ ሲጎተት ክንድ እንዲፈታ ነው።

ካፖርቱን በሰልባጅ ተራ ጥሩ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር ምዘዙና በጥንቃቄ አቃጥሉ፤ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል። ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ከሆነ ፖሊስተር አለበት። ትከሻው ልክ ካልሆነ አትግዙ፤ እጅጌ ማሳጠር ቀላል ነው፣ ትከሻ መለወጥ ግን ካፖርቱን እንደገና መስፋት ነው። ሹራብ ለብሳችሁ ቆልፉትና ደረቱ ላይ ጭብጥ እጅ ያህል ቦታ ይቅር። ርዝመቱ ከዳሌ አይለፍ፤ አጭር የሆነው መርከበኛው በገመድ ሲወጣና ሲወርድ እግሩን እንዳይዘው ነው።

አለባበሱን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። ባለመስመሩን ከለበሳችሁ ሌላው ሁሉ ልሙጥ ይሁን፤ መልሕቅ ያለበት ኮፍያና ባለገመድ ጫማ ከተጨመሩበት የመድረክ ልብስ ይመስላል። አዲስ ጂንስ ቀለሙን ወደ ነጩ መስመር ያስተላልፋልና በደንብ ሳይታጠብ አብራችሁ አትልበሱ። የአዲስ አበባ ጠዋት ቀዝቃዛ፣ ቀትሩ ሞቃት ስለሆነ ካናቴራው ላይ የሚደረብ ሹራብ ይስማማል። በዱባይ ወይም በጅዳ ያላችሁ ወፍራሙን ዓይነት ተዉት፤ እርጥበቱ ላብ አያደርቅም፣ ስሱን ጥጥ ምረጡ።

ሱፉን ለወራት ስታስቀምጡ መጀመሪያ ይጽዳ፤ ብል የሚወደው ላብና የምግብ ጠብታ ያለበትን ነው። ፍጹም ሲደርቅ አጥፋችሁ በሚዘጋ ከረጢት አኑሩት፤ ሹራብ በመስቀያ ላይ ከከረመ ትከሻው ላይ ጉብታ ያወጣል።