የተረፈው አሞክሳሲሊን

ጥያቄ፦ ልጄ ሲሻለው የታዘዘለትን አሞክሳሲሊን በ3ኛው ቀን አቋረጥኩት። ጎረቤቴ ልጇን ጉንፋን ይዞት የተረፈውን ሽሮፕ ጠየቀችኝ። ብከለክላት ትቀየመኛለች፤ ልስጣት?

መልስ፦ እኅቴ፣ አይስጧት። ጉንፋን ከቫይረስ ነው የሚመጣው፤ አሞክሳሲሊን የሚገድለው ባክቴሪያን ነው። መድኃኒት ቤት ስሠራ ያለ ማዘዣ «ሁለት ፍሬ ብቻ» ብለው የሚለምኑኝን አንጀቴ እየተላወሰ እምቢ እላቸዋለሁ። ያለ አግባብ ወይም እየተቋረጠ ሲወሰድ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ከዚያ መድኃኒቱ አይገድለውም። እንዲህ ያለ ባክቴሪያ እኮ አንድ ቤት አይቀርም፤ በእጅ፣ በሳል፣ በጋራ መጸዳጃ ወደ ሌላው ሕፃን ይሻገራል። የአሞክሳሲሊን ዘመድ የሆነውን ፔኒሲሊንን ያገኘው ሳይንቲስት ፍሌሚንግ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ሊለምድ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር።

ጎረቤትዎን «ነይ፣ አብረን ጤና ጣቢያ እንውሰደው» ይበሏት። የልጅዎን መድኃኒት ማቋረጥዎንም እዚያው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ አይፈሩ።