ዴድላይኑ ደርሷል፣ እኔ ኮርሴት ላይ ነኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምተዳደረው በፍሪላንስ ትርጉምና ኤዲቲንግ ነው። ትርፍ ሰዓቴን ደሞ የድሮ ልብስ አጠናለሁ፣ በተለይ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ቀሚስ፣ ከዛ በእጄ እሰፋዋለሁ። ችግሩ አንድ ነገር ላጣራ ብዬ የሙዚየም ዌብሳይት ከገባሁ ሌሊቱ ያልቃል፣ ጠዋት ደንበኛዬ «ስራው የታለ?» ሲለኝ የምለው ይጠፋኛል። ጓደኞቼ «ለምን ሰፍተሽ አትሸጪውም» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?
ባለመርፌዋ ነኝ

መልስ፦ ባለመርፌዋ፣ እኔ እንደገባኝ ጊዜሽን የሚበላው መርፌው ሳይሆን ማጣራቱ ነው። ስፌት ያልቃል፣ ጠርዙን ዘምዝመሽ ክሩን በጠስሽ ማለት ነው፣ ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ግን ለእጅጌ ብለሽ ገብተሽ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጫማ ስታዪ ነው የምትገኚው (ደሞ ያምራሉ!)። ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት ጥያቄሽን ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ያውም መልሱ ካልተገኘ መቀስ የማታነሺበትን ብቻ። ለምሳሌ «ይሄ ሞቭ የሚባለው ሰው ሰራሽ ሐምራዊ ለዘመኑ ይሆናል ወይ?» ከሆነ፣ እንግሊዛዊው ኬሚስት ፐርኪን ቀለሙን ያገኘው በ1856 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ላንቺ ቀሚስ አይሆንም፣ አለቀ፣ ታቡን ዝጊው። የፐርኪን የህይወት ታሪክ ክፍያሽ ከገባ በኋላ ይነበባል።

ስራውንም ለሁለት ክፈይው። ቅድ ሰፊ ጠረጴዛና ንጹህ ጭንቅላት ስለሚፈልግ ዴድላይን ባለበት ቀን አትንኪው፣ ጨርቅ አንዴ ከተበላሸ ተበላሸ ነው። የኮርሴት (ከቀሚሱ ስር ወገብ አጥብቆ የሚታሰረው ልብስ) የማሰሪያ ቀዳዳ ግን ሌላ ነው፤ በዛ ዘመን የብረት ቀለበት ስላልነበረው ጨርቁ ሳይቆረጥ በወስፌ ክሮቹ ገለል ይደረጉና ዙሪያው በክር ጥብቅ ተደርጎ ይሰፋል። አንዱን ጨርሰሽ ሌላውን እስክትጀምሪ ማቋረጥ ስለሚቻል ደንበኛ ኮመንት እስኪልክ ወይ ረጅም ሚቲንግ ላይ ካሜራ አጥፍተሽ ስትሰሚ የሚሰራ ነገር ነው።

መሸጡን ግን እኔ አልመክርሽም። በእጅ የተሰፋ ቀሚስ የፈጀብሽን ሰዓት በትርጉም ዋጋሽ አባዢውና እዪው፣ ማን ይከፍላል? ቢከፍልም እሱም ደንበኛ ነው፣ እሱም «የታለ?» ይላል፣ ያኔ የምትሸሺበት ቦታ አይኖርሽም። እውቀቱ ገንዘብ ያምጣ ካልሽ ስለ አልባሳት ታሪክ የሚተረጎም ጽሁፍ ፈልጊ፣ ቃላቱን ከማንም በላይ የምታውቂያቸው አንቺ ስለሆንሽ ዋጋሽንም ከፍ አድርገሽ ጠይቂ።