ጠይቁኝ፦ ሠዓሊ ሰው ደብተር ይሸጣል?

ጥያቄ፦ እኅታችን እንደምን ከረምሽ። ባለፈው ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ የመጣሁት ሥዕልሽን ላይ ብዬ ነበር። ገና ከበሩ ስገባ ጠረጴዛ ሙሉ ደብተር፣ ፖስታና የሠርግ ካርድ ተደርድሮ አየሁ። ቅር አለኝ፤ አልደብቅሽም። ሠዓሊ ሰው ደብተር ይሸጣል? ትርፍ ካለው ንገሪንና እኛም እንግባበት። ከሌለው ደግሞ ምነው አትተዪውም?
አንባቢሽ ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅር ያለህ አንተ ብቻ አይደለህም። እናቴም «ተምረሽ ተምረሽ ደብተር ነጋዴ ሆንሽ?» ብላኛለች።

የትርፉን ነገር አስቀድሜ ልገላገለው። ትርፍ አለው፤ ቤት ግን አያሠራም። የቀለምና የሸራ መግዣ ይወጣዋል። ሥዕል በስድስት ወር አንድ ቢሸጥልኝ ነው። ደብተር በሳምንት ሁለትም ሦስትም ይሄዳል፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ይጋፉበታል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ወረቀቱ አልቀመስ ሲለኝ ልተወው ብዬ ነበር። አልተውኩትም። ለምን እንደሆነ ለመንገር ስለ አንድ የዕድር መዝገብ ማውራት አለብኝ።

መጀመሪያ የሠራኋቸው ደብተሮች ሽፋናቸው ያምር ነበር። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ አይጠየፍ አዳራሽ፣ የሰኞ ገበያ ጃንጥላዎች። ሰው ገብቶ «ውይ ሲያምር!» ይላል፤ ያገላብጣል፤ መልሶ ያስቀምጣል። የገዛውም አይጽፍበትም። አንዷ ደንበኛዬ «አሳዘነኝ፣ በምን እጄ ልጻፍበት?» አለችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ መሳቢያዋ ውስጥ ባዶውን ተኝቷል። ሙገሳ ነው እንዳትለኝ። ላስቲኩ ያልተነሳለት ሶፋ በለው።

በ2012 የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። «ልጄ፣ ተራራውን ተዪውና የአባላት መዋጮ የምመዘግብበት ነገር ሥሪልኝ» አሉ። ይዘውት የመጡት ከሱቅ የተገዛ ትልቅ ደብተር ነው። በማስመሪያና በእስክሪብቶ ራሳቸው አስምረውታል። መስመሩ ከገጹ ግርጌ ሲደርስ ወደ ቀኝ ዘሟል፤ የአንዱ አባል ጥር የሌላው የካቲት ላይ ወድቋል።

ኩራት ኩራት አለኝ። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ ነደፍኩት። ለስም ሰፋ ያለ ቦታ፣ ከዚያ ለየወሩ ጠበብ ያለ አምድ። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ 13 አምድ። የራሳችን ዘመን አቆጣጠር ነው አይደል? እንዲያውም ጳጉሜንን በቀይ አደረግኩት። ወረቀቱን አጣጥፌ፣ በወስፌ በስቼ፣ በክር ሰፍቼ 40 መዝገብ አወጣሁ። ጣቴ ለሳምንት አልታጠፍ ብሎ ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። አምዶቹን በጣታቸው አንድ ባንድ ቆጠሩ። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ሳቁ።

«ጳጉሜን ማን ዕድር ይከፍላል?»

ወላሂ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዕድራችን በወር ነው የሚከፈለው። ለአምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ለስድስት ቀን፣ መዋጮ የሚጠይቅ ማን አለ? እናቴ ስትከፍል እያየሁ ነው ያደግኩት። አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

መዝገቡን ግን አልመለሱልኝም። ያን ቀይ «ጳጉሜን» በእስክሪብቶ ሰረዙና «ቅጣት» ብለው ጻፉበት። ቀብር የቀረ፣ ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ ይቀጣል። ቅጣቱ እስከዚያን ቀን የሚጻፈው ኅዳግ ላይ ነበር፤ ሰው ሲከራከር ጋሼ ደብተሩን አዙረው አዙረው ነበር የሚፈልጉት። ሁለተኛው ዙር 12 ወርና አንድ የቅጣት አምድ ሆኖ ወጣ። ከዚያ የሌላ ዕድር ገንዘብ ያዥ የስልክ ቁጥር ቦታ አስጨመሩኝ። ሙጋድ ሰፈር የምትነግድ አንዲት ሴት ደግሞ ለዕቁብ የሚሆን፣ መቀነት ውስጥ የሚገባ ትንሽዬ አዘዘችኝ። ዕጣ የወጣለት ሰው ስም አጠገብ ጥቁር የሚደረግ ክብ አለው። ክቡ የእሷ ሐሳብ ነው። ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚሸጠው ይሄ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ምንም ሥዕል የለበትም።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ሥዕል ስሸጥ ሰውየው ጠቅልሎ ይዞት ይሄዳል። ሳሎኑ ይሰቅለዋል። ከዚያ ወዲያ ወሬውንም አልሰማ። «እዚህ ጥግ ላይ ያለው ሰማያዊ አልጣመኝም» ብሎ ተመልሶ የሚመጣ የለም። ሰው ሠዓሊን ማረም ያፍራል። ደብተር ላይ የሚያፍር ግን አላየሁም። መስመሩ ጠበበ፣ ክሩ ላላ፣ ወረቀቱ ቀለም ያሳልፋል፤ ፊት ለፊት ይነግሩኛል። መጀመሪያ ያመኝ ነበር፤ አሁን ዝም ሲሉኝ ነው የሚከፋኝ።

ሌላም አለ። ስትመጣ መስኮቱ ሥር ትልቅ ሸራ አይተህ ይሆናል፤ ረድፍ ረድፍ ትንንሽ ሰማያዊ ምልክቶች ያሉበት። ብዙ ሰው ከጦሳ ላይ የሚታዩ የደሴ ቤቶች ናቸው ይላል። አይደሉም። የጋሼ መዝገብ ሲሞላ አንድ ቀን አምጥተው አሳዩኝ። አራት ዓይነት እስክሪብቶ፣ የሻይ ብርጭቆ ምልክት፣ ፊርማ መጻፍ የማይችሉ እናቶች የጣት አሻራ። የኅዳር 2014 አምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። ከተማችን በጦርነቱ ተይዛ የነበረችበት ወር ነው። ጋሼ በኋላም አላስሞሉትም፤ «ይታይ» አሉ። ሸራው ላይ መሐሉን ሰንጥቆ የሚወርደው ነጭ እሱ ነው። በሚቀጥለው ስትመጣ ደብተሮቹን አልፈህ እየው፤ አልቀየምህም።

ጥያቄ፦ ለምርቃታችን ካርድ ነድፌያለሁ። የምፈልገው 50 ብቻ ነው። ማተሚያ ቤቱ «ከ500 በታች አያዋጣህም» አለኝ። እውነቱን ነው ወይስ እየሸወደኝ?
ተመራቂ ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ አልሸወደህም፤ ስለ ኦፍሴት ነው የሚያወራው፤ በብዛት ለማተም የሚሆነው የኅትመት ዓይነት ነው። ኦፍሴት ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ፕሌት፣ ማለትም ምስሉ የሚወጣበት ስስ የብረት ሉህ፣ ይፈልጋል፤ ባለ ሙሉ ቀለም ካርድ አራት ፕሌት ነው። 50 ብታሳትም 5,000 የፕሌቱ ዋጋ ያው ነው። አንተ ዲጂታል ኅትመት ጠይቅ፤ ፕሌት የለውም፤ አንድም ያትሙልሃል።

ሙሉውን ከማዘዝህ በፊት ግን አንድ ካርድ አስወጥተህ በቀን ብርሃን እየው። ኮምፒውተር ቀለምን የሚያሳይህ በብርሃን ነው፣ ማተሚያው ግን በቀለም ነው የሚሠራው፤ አይገጥሙም። አንድ ጊዜ ሳላይ አዝዤ የጦሳ አረንጓዴ የበሰበሰ ሽንብራ መስሎ መጣልኝ።

ካርዱ የሚታጠፍ ከሆነ ደግሞ ወረቀት እንደ እንጨት አቅጣጫ እንዳለው አትርሳ። አንድ ቁራጭ ወስደህ በቁመቱም በወርዱም እጠፈው። በአንዱ በኩል እሺ ብሎ ይተኛል። በሌላው በኩል ይንቋቋል፣ እጥፋቱ ላይም ፀጉር ፀጉር ያወጣል። በተኛልህ በኩል አሳጥፈው።